የድሮ እንግሊዝኛ የከብትና የአውሬ ቃላትን እንዴት እናድናለን?

አያቴ ጊደርን «ላም» ብሎ የጠራ ልጅ አታልፍም ነበር። «ወልዳለች እንዴ?» ትላለች። ልጁ ዝም። «እንግዲያው ጊደር ናት» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ከብዙ ዓመት በኋላ እንግሊዝኛ ሳነብ «ሄፈር» የምትል ቃል ገጠመችኝ። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። «ገና ያልወለደች ወጣት ላም» ይላል። ጊደር ማለት አይደል! ከዚያ ቀን ጀምሮ የድሮ እንግሊዝኛ የእንስሳት ቃላትን መልቀም ለመድኩ። አሁን ሁለት ደብተር ሞልቻለሁ።

ብዙ ሰው እነዚህን ቃላት የሚያገኛቸው «አስገራሚ ቃላት» ተብለው ከተዘረዘሩበት ቦታ ነው። አንብቦ ይገረማል፣ በነጋታው ይረሳል። ለምን ቢባል ቃሉን እንጂ እንስሳውን አላየውም። ቃላቱን ሲጠቀሙባቸው የኖሩት ግን እረኞች፣ አዳኞችና ገበሬዎች ናቸው። እኛ ደግሞ ከከብቱ ገና አልራቅንም። አማርኛችን ጊደርን ከላም፣ ወጠጤን ከሙክት፣ እበትን ከፋንድያ ለይቶ ይጠራል። ይህ ትልቅ ስንቅ ነው፤ ይህን ስንቅ ይዛችሁ ብትገቡ ከተማ ተወልዶ ያደገ እንግሊዛዊ ግራ የሚገባውን ቃል እናንተ ወዲያው ትይዙታላችሁ።

የሚያስፈልጋችሁ ስልክ፣ አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። በስልኩ ላይ ሦስት ነገር ይኑር። አንደኛው በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ሁለተኛው የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ። ሦስተኛው የቃላትን ምንጭ የሚያሳይ መዝገበ ቃላት ነው፤ እኔ «ኢቲሞንላይን» የሚባለውን ነው የምጠቀመው፣ በነጻ ይከፈታል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

1. ከምታውቁት እንስሳ ጀምሩ

ከእንግሊዝኛው አትጀምሩ። ደብተሩን ክፈቱና አንድ እንስሳ ምረጡ፣ በአማርኛ የምታውቁትን ስሙን ሁሉ ወደታች ጻፉ። ለከብት ጥጃ፣ ጊደር፣ ወይፈን፣ ላም፣ በሬ፣ ኮርማ፣ ሰንጋ። ለፈረስ ውርንጭላ፣ ባዝራ፣ ድንጉላ። ለበግና ለፍየል ግልገል፣ ጠቦት፣ ወጠጤ፣ ሙክት። የጎደለውን ገጠር ያደገ ዘመድ ጠይቁ፤ እናትና አባት ካሉማ በደስታ ነው የሚነግሯችሁ።

ከዚያ በእያንዳንዱ አንጻር እንግሊዝኛውን ፈልጉ። ፍለጋው ላይ ቃሉን ሳይሆን ትርጉሙን ጻፉ፤ ለምሳሌ «የተኮላሸ በግ» የሚለውን በእንግሊዝኛ አስገቡት። «ዌዘር» የሚል ቃል ይመጣል። የአየር ጠባዩ «ዌዘር» አይደለም፤ አነባበቡ አንድ ነው፣ አጻጻፉ ላይ ግን በመካከሉ «ኤ» የሚባለው ፊደል የለም። ለኛ ቅርቡ ሙክት ነው፤ ልዩነቱ ሙክት ስንል መስባቱንም ጨምረን ነው፣ ዌዘር ግን መኮላሸቱን ብቻ ነው የሚናገረው።

አሁን «ቤልዌዘር»ን ተመልከቱ። «ቤል» ደወል ነው። የድሮ እረኛ ከመንጋው አንዱን ዌዘር መርጦ አንገቱ ላይ ደወል ያስርበታል። እሱ ሲሄድ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ እረኛውም ጉም ውስጥ ሆኖ እንኳ በደወሉ ድምፅ መንጋው የት እንዳለ ያውቃል። ዛሬ ይህ ቃል ዜና ላይ ነው ያለው። የምርጫው ውጤት ወዴት እንደሚያጋድል አስቀድሞ የሚያሳይ አካባቢ «ቤልዌዘር» ይባላል፣ በአክሲዮን ገበያም ሌሎቹ የሚከተሉት ትልቅ ኩባንያ እንደዚያው። አሜሪካ ያላችሁ በምርጫ ሰሞን ትሰሙታላችሁ። ያን ጊዜ ደወል ያንጠለጠለው በግ ፊታችሁ ድቅን ካለ ቃሉ ገብቷችኋል ማለት ነው።

2. ሁለቱን መጽሐፍ ቅዱስ ጎን ለጎን ዘርጉ

ለኔ ከሁሉም የበለጠው መንገድ ይኼ ነው። ታሪኩን በአማርኛ ስለምታውቁት የእንግሊዝኛው እንግዳ ቃል ራሱን በራሱ ይተረጉማል።

ዘፍጥረት 41ን ክፈቱ። የፈርዖን ሕልም ነው፤ ከወንዙ የሚወጡት ሰባት ላሞች በ1611ዱ እንግሊዝኛ «ካይን» ናቸው፤ ኬ፣ አይ፣ ኤን፣ ኢ። የ«ካው» ብዙ ቁጥር ነው። ሁለቱ አንድ ፊደል እንኳ አይጋሩም፣ ግን አንድ ቤተሰብ ናቸው። የድሮው ብዙ ቁጥር «ኪ» ዓይነት ድምፅ ነበረው፤ በኋላ ላይ «ኤን» ተጨመረበት፣ ልክ «ኦክስ» «ኦክሰን» እንደሚሆነው። «ካውስ» ቀስ እያለ ቦታውን ወሰደ።

«ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ እንደሚናፍቅ» የሚለውን መዝሙር ደግሞ ሂዱና እዩ። ዋላው «ሃርት» ነው። «ኸርት» ወይም ልብ ከሚባለው ጋር አታምታቱት፤ አነባበቡ አንድ ቢሆንም ይኼኛው «ኢ» የላትም። ትርጉሙ ያደገ ወንድ አጋዘን ነው፣ ሴቷ ደግሞ «ሃይንድ»።

ቀስ ብላችሁ እንድታነቡ የምፈልገው ግን ሽኮኮን ነው። ምሳሌ ምዕራፍ 30 ላይ አቅም ሳይኖራቸው ቤታቸውን በድንጋይ ውስጥ የሚሠሩ ትንንሽ ፍጥረታት ይነሣሉ። አማርኛው ሽኮኮ ይላል። የ1611ዱ እንግሊዝኛ «ኮኒ» ይላል፤ ሲ፣ ኦ፣ ኤን፣ ኢ፣ ዋይ። ኮኒ ግን በዚያ ዘመን ጥንቸል ማለት ነበር፤ ያውም የደረሰች ጥንቸል። «ራቢት» የሚባለው ግልገሏ ብቻ ነበር።

ታዲያ ጥንቸል ድንጋይ ውስጥ ምን ትሠራለች? አፈር ቆፍራ ነው የምትኖረው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እንግሊዝ አገር ሽኮኮ የለም። ተርጓሚዎቹ አይተውት አያውቁም። ስለዚህ ከሚያውቋቸው ትንንሽ እንስሳት መጠኗ የሚቀርበውን ሰጡት። የኛ አንባቢ ግን ገደል አፋፍ ላይ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ፣ ድንጋይ ላይ ተደርድረው የሚሞቁ ሽኮኮዎች ያውቃል፣ ሰው ሲጠጋ አንዱ ይጮኻል፣ ሌሎቹ ስንጥቁ ውስጥ ጥልቅ ይላሉ። ያን ጥቅስ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። አዳዲሶቹ እንግሊዝኛ ትርጉሞች «ሃይራክስ» ወይም «ሮክ ባጀር» እያሉ አርመውታል። ኮኒ የሚለው ቃል ግን በኒውዮርኩ ኮኒ አይላንድ ስም ውስጥ ቀርቷል፤ ብዙዎች የጥንቸል ደሴት ማለት ነው ይላሉ።

ሌላም አለ። «ዩኒኮርን» በዚያው ትርጉም ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ይገኛል። ተረት ውስጥ ያለው ነጭ ፈረስ አይደለም። አማርኛችን «አንድ ቀንድ ያለው» የሚለውን ነው፤ «አንድ ቀንድ» የሚለው አጠራር የተወረሰው ከጥንቱ የግሪክ ትርጉም ነው። ዕብራይስጡን ተከትለው የሚተረጉሙ የዛሬ ሰዎች የዱር በሬ ይሉታል።

አንድ መልመጃ ልስጣችሁ። በ1611ዱ ትርጉም ውስጥ «አኒማል» የሚለውን ቃል ፈልጉ። አታገኙትም። በየገጹ ያለው «ቢስት» ነው። አኒማል ከላቲን የመጣ ነው፣ በዚያን ጊዜ ገና በተራው ሰው አፍ አልገባም ነበር።

3. ቃሉ ጠበበ፣ ሰፋ ወይስ ቤቱን ለወጠ? ብላችሁ ጠይቁ

ያገኛችሁትን ቃል ምንጭ ከፍታችሁ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አቅርቡለት።

ከጠበቡት ዋናው «ዲር» ነው። ዛሬ አጋዘን ብቻ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን ማንኛውም አራት እግር ያለው አውሬ ዲር ነበር። ጀርመን አገር ያላችሁ ወገኖች ይህን በየቀኑ ትሰሙታላችሁ፤ የጀርመኑ «ቲር» የዲር ወንድም ነው፣ እስከ ዛሬም እንስሳ ማለት ነው። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ «ቢስት» ከፈረንሳይኛ ገባና የዲርን ሰፊ ቦታ ወሰደ። የድሮው ትርጉም ግን አልጠፋም፤ «ዋይልደርነስ» ውስጥ ተደብቋል። ምድረ በዳ ማለት ነው አይደል? ሲፈታ «የዱር ዲር ያለበት» ነው፤ አውሬ የሚኖርበት ቦታ።

የሰፋው «በርድ» ነው። መጀመሪያ የወፍ ጫጩት ብቻ ነበር። ለአዋቂዋ ወፍ የሚባለው «ፋውል» ነበር፣ እሱ ደግሞ ዛሬ ጠቦ ጠቦ ዶሮ ላይ ደርሷል። ሁለቱ ቦታ ተለዋወጡ ማለት ይቻላል።

ቤቱን የለወጠው «ኧርቺን» ነው። ይህ ቃል ጃርት የሚመስለውን፣ ግን ትንሹን፣ አደጋ ሲሰማው ክብ የሚሆነውን እሾሃም እንስሳ የሚጠራ ነበር። ዛሬ እሱ «ሄጅሆግ» ተብሏል። ኧርቺን ተሰድዶ ሁለት ቦታ ገባ። አንደኛው ባሕር ውስጥ ነው፤ እሾሃሙ የባሕር ፍጥረት «ሲ ኧርቺን» ተባለ። ሁለተኛው ጎዳና ነው፤ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ልብሱ የተቀዳደደ ልጅ ኧርቺን ተባለ። የኛው ጃርት፣ «ፖርኩፓይን»፣ ከፈረንሳይኛ ነው የመጣው፤ እሾሃም አሳማ ማለት ነው።

ስለ ምግቡ ነገር ባጭሩ። ሕያው እንስሳው በአገሬው እንግሊዝኛ፣ ሥጋው በፈረንሳይኛ ተጠራ፤ «ሺፕ» ከብቱ፣ «መተን» ሥጋው፤ «ካፍ» ጥጃው፣ «ቪል» ሥጋው። ይህ በየቦታው ይነገራል። ግን እንደሚባለው የተቆረጠ አልነበረም። የ1611ዱ መጽሐፍ ቅዱስ ዘሌዋውያን 22 ላይ ለመሥዋዕት የሚቀርቡትን ሕያው ከብቶች «ቢቭስ» ይላቸዋል፤ የ«ቢፍ» ብዙ ቁጥር ነው። እንዲህ ዓይነቱን ማስረጃ ስታገኙ በደብተሩ ጥግ ላይ አስፍሩት፣ የሚወራውን ሁሉ ከመድገም ያድናችኋል።

4. ጋጣውን ፈትሹ

ከፈረስ ቤት የወጡ ቃላት ሰው ላይ ተለጥፈው ቀርተዋል። «ማርሻል» ዛሬ ትልቅ የጦር ማዕረግ ነው። ሲፈታ የፈረስ አገልጋይ ነው፤ መጀመሪያው ላይ ያለው «ማር» ከ«ሜር»፣ ማለትም ከባዝራ ጋር ዘመድ ነው። «ኮንስታብል» ፖሊስ ነው፤ ከላቲን ሲመጣ የጋጣ አለቃ ነበር። «ሄንችማን» ዛሬ የክፉ አለቃ ታማኝ ተከታይ ነው፣ ድሮ ግን ፈረስ ጠባቂ።

ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። ባልደራስን አስቡት። የቤተ መንግሥቱን ፈረሶችና በቅሎዎች የሚያዝ ሹም ነበር፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈር ሁሉ በስሙ ይጠራል። ማርሻልን በደብተራችሁ ስትጽፉ ከጎኑ ባልደራስ ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ በኋላ አትረሱትም።

እዚሁ ላይ «ቢስት»ን በአማርኛ ስትመልሱ ተጠንቀቁ። ሁልጊዜ አውሬ አይደለም። «ቢስት ኦፍ በርደን» ሲል አህያውና በቅሎው ናቸው፤ የጭነት ከብት ነው። የዱሩ ሲሆን አራዊት፣ የቤቱ ሲሆን ከብት፣ ሁለቱን ሲያጠቃልል እንስሳ። ዐረፍተ ነገሩን ሳታዩ አንዱን አትምረጡ።

5. ዝቅ ብላችሁ መሬቱን እዩ

ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህን ነው፣ ለኔ ግን ከሁሉ የጣፈጠኝ። አማርኛ ለእዳሪው እንኳ ስም ለይቷል፤ የከብቱ እበት፣ የፈረሱና የአህያው ፋንድያ፣ የበግና የፍየሉ በጠጥ፣ የዶሮው ኩስ። የድሮ እንግሊዝ አዳኞችም እንዲሁ ነበሩ። የአጋዘኑ «ፊውሜትስ» ይባላል። ወንዝ ዳር የምትኖረው ዓሣ በሊታ የ«ኦተር»ዋ ደግሞ «ስፕሬይንት»፤ ይህኛው ዛሬም በባለሙያዎች አፍ አለ።

የመካከለኛው ዘመን አዳኝ ጎሕ ሲቀድ ይወጣና ዱካ ይከተላል። ፊውሜትስ ሲያገኝ ሣር ሸፍኖ በሚነፋው ቀንዱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ጌቶቹ ለአደኑ የተሰበሰቡበት ቦታ ወስዶ ፊታቸው ይዘረግፈዋል። መጠኑን፣ ቅርጹን፣ እርጥበቱን አይተው አጋዘኑ ለአደን የሚበቃ ትልቅ መሆን አለመሆኑን ይፈርዳሉ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ቃሉን ለማስታወስ ምንም አልተቸገርኩም።

የመኝታ ቦታም እንዲሁ ነው። እንግሊዝ አገር «ሄር» የምትባለው የዱር ጥንቸል ጉድጓድ አትቆፍርም፤ ሣር ላይ ተጋድማ በሰውነቷ ልክ ጎድጎድ ያለ ቦታ ትተዋለች። እሱ «ፎርም» ይባላል። እንደምንሞላው ቅጽ ያለው ያው ቃል ነው። የሽኮኮ ዘመድ ያልሆነችው፣ ዛፍ ላይ የምትሮጠው «ስኩዊረል» ቤቷ «ድሬይ» ነው፣ የኦተር «ሆልት»፣ የቀበሮ «ኧርዝ»፤ አዎ፣ መሬት የሚባለው ቃል ራሱ።

6. የመንጋ ስሞችን በወንፊት አሳልፉ

የአንበሳ መንጋ «ፕራይድ»፣ የቁራ «መርደር»፣ የቀበሮ «ስከልክ» የሚሉ ዝርዝሮች ሞልተዋል። ደስ ይላሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚገኙት በ1486 በታተመው «ቡክ ኦፍ ሴንት ኦልባንስ» በሚባል የአደን መጽሐፍ ነው። ግን ያው ዝርዝር የዳኞችን ስብስብ «ፍርድ»፣ የመነኮሳይያትን ስብስብ «መትረፍረፍ» ይላል። ስለዚህ ሁሉም በአዳኞች አፍ የኖረ አይደለም፣ የተማሩ ሰዎች የቃላት ጨዋታም አለበት። ፕራይድን የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ዛሬም ይጠቀሙበታል። መርደርን ግን ወፍ የሚያጠና ሰው በሥራው ላይ «ፍሎክ» ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ አንድ ቃል ስታገኙ «በ1486ቱ ውስጥ አለ ወይ?» ብላችሁ አጣሩ። ከሌለ አዲስ ፈጠራ ሊሆን ስለሚችል በእርሳስ ጻፉት። ገበሬ በእርግጥ የኖረበትን ከፈለጋችሁ 1ኛ ነገሥት 19ን ክፈቱ፤ ኤልሳዕ በአሥራ ሁለት ጥማድ በሬዎች ያርሳል። ጥማዱ በእንግሊዝኛው «ዮክ» ነው፣ ቀንበር። የኛም ጥማድ ከመጥመድ ነው።

7. ሞቷል ወይስ ይተነፍሳል?

ቃሉን ከመጠቀማችሁ በፊት ፈትኑት። ጉግል «ኤንግራም» የሚባል ነጻ መሣሪያ አለው፤ ቃሉን ስታስገቡ በታተሙ መጻሕፍት ውስጥ በየዘመኑ ምን ያህል እንደተጻፈ በመስመር ያሳያችኋል። ካይንን አስገቡና ሲወርድ እዩት። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ከ1800 በፊት የታተሙ መጻሕፍት «ኤስ»ን ረጅም አድርገው ስለሚያትሙ ማሽኑ «ኤፍ» እያለ ያነባታል። «ቢስት» ጠፋች ብላችሁ ስትደነግጡ «ቢፍት» ሆና ተቀምጣለች። ሁለቱንም ፈልጉ።

ግማሽ ሞቶ ግማሽ የሚኖርም አለ። «ኒት» ዛሬ ንጹሕ፣ ሥርዓት ያለው ማለት ነው፤ በዚያው አጻጻፍ ድሮ ከብት ማለት ነበር። ይህኛው ሞቷል፣ ነገር ግን ኮርቻና የቆዳ ጓንት የሚጠግን ሰው ጋ ብትሄዱ «ኒትስፉት ኦይል» የሚል ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ ታገኛላችሁ። ከከብት እግርና ቅልጥም ተቀቅሎ የሚወጣ፣ ቆዳ የሚያለሰልስ ዘይት ነው።

የሞቱትን ለንባብ አስቀምጧቸው። የሥራ ማመልከቻ ወይም የፈተና ድርሰት ውስጥ ካይን ብሎ መጻፍ አያስፈልግም፣ ፈታኙ ስህተት ነው የሚመስለው። ቤልዌዘርን ግን ያለ ስጋት ጻፉ።

8. የደብተሩ ገጽ

ለእያንዳንዱ ቃል ግማሽ ገጽ ይበቃል። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ፣ የድሮ ትርጉሙ፣ የዛሬው፣ የተገኘበት ቦታ፣ ከዚያ የአማርኛው ጎረቤት። የመጨረሻውን አትዝለሉት። የኔ አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ዌዘር። የተኮላሸ በግ። ዛሬ ብቻውን የእረኞች ቃል ነው፣ በቤልዌዘር ውስጥ ይኖራል። ጎረቤቱ ሙክት፣ ግን ሙክት የሰባ ነው።» በሳምንት ሦስት ቃል ይበቃል። ከዚያ በላይ ስሞክር ሁሉም ይደባለቅብኝ ነበር።

9. ከኛ የሄዱትን መልሳችሁ ያዙ

ደብተሩ ሲጋመስ ወደ ራሳችን ተራራ ኑ። የፍራንክፈርቱ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። በ1835 ያሳተማቸው ሳይንሳዊ ስሞች ውስጥ ሦስቱ የአገራችን ቃላት ናቸው፤ ጭላዳ፣ ጉሬዛና ዋልያ። ዛሬ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ «ጌላዳ» እና «ጉሬዛ» ብላችሁ ብትፈልጉ ታገኟቸዋላችሁ፣ ዋልያም አለ።

ለመጨረሻው ገጽ የምመርጠው ግን «ሲቬት»ን ነው። ጥርኝ ናት። እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛ ከጣልያንኛ፣ ጣልያንኛ ከዓረብኛ «ዘባድ» ወሰደው። እኛ ከጥርኟ የሚወጣውን ሽታ ዝባድ እንላለን። ያው ቃል ነው። ከአገራችን ለሽቶ ሠሪዎች የሚላከው ዝባድ ድሮ የሚታሸገው በከብት ቀንድ ውስጥ ነበር። ይህን ገጽ ስትጽፉ ወደ አምስተኛው ደረጃ ተመለሱና ያንን የእንግሊዝ አዳኝ ቀንድ ከጎኑ ሳሉት።